የዱላ ጨዋታ በፖርቱጋል፦ የአባት ጥበብ እንዴት ለልጅ ይተርፋል?



ስለ አውሮፓ የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲነሣ በብዛት የሚወሳው ሰይፍና ጥሩር፣ በኋላም ጠመንጃና መድፍ ነው። ሰይፍ ግን ዋጋው ውድ ስለ ነበር በአብዛኛው የመኳንንትና የወታደሮች ነበር። በገበሬውና በእረኛው እጅ የነበረው ዱላ ነው። ዱላም የሚናቅ አልነበረም። ጆርጅ ሲልቨር የተባለ እንግሊዛዊ በ1599 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዱላ የያዘ አዋቂ ሰይፍ ከያዘው እንደሚበልጥ አስረድቷል።

ይህ ጥበብ እስከ ዘመናችን ከቆየባቸው አገሮች አንዷ ፖርቱጋል ናት። በአገሬው ቋንቋ «ዦጎ ዶ ፓው» ይባላል፤ «የዱላ ጨዋታ» ማለት ነው። በተለይ የሚታወቀው ሚኞ በተባለው የሰሜን ክፍል ነው። ዱላው 1 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ሽመል ሲሆን ብዙውን ጊዜ በሁለት እጅ ይያዛል። እረኛው ከብቱን ይነዳበታል፣ መንገደኛው ይመረኮዘዋል፣ ተኩላ ወይም ወንበዴ ሲመጣም ይከላከሉበታል። ወጣቶች የሚማሩት ከመንደሩ አዋቂ ነበር። መምታት ብቻ ሳይሆን መመከትንም፣ ብዙ ሰው ሲከባቸው ዱላውን በዙሪያቸው እያሽከረከሩ ማምለጥንም ይማሩ ነበር።

ስሙ ጨዋታ ይባል እንጂ ሁልጊዜ ጨዋታ አልነበረም። በገበያና በበዓል ቀን ጎረምሶች በዱላ ሲደባደቡ ሰው ይጎዳ ነበር። ፋፌ በምትባለው የሚኞ ከተማም እስከ ዛሬ እንዲህ ተብሎ ይተረካል። አንድ የፋፌ ባላባት ማርኪስ የሚል ማዕረግ ካለው ትልቅ ሰው ጋር ይጣላል፤ ማርኪሱም ይዋጣልን ብሎ ይጠራዋል። መሣሪያ የሚመርጠው የተጠራው ሰው ስለ ነበር፣ ባላባቱ ሰይፍና ሽጉጡን ትቶ ሁለት ዱላ አስመጣ። ዱላ ይዞ የማያውቀው ማርኪስ ተቀጥቅጦ ተመለሰ። «የፋፌ ፍርድ» የሚባለው ይኸው ነው፤ በከተማይቱም ሐውልት ቆሞለታል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን የመጡ ሰዎች ጥበቡን ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሊዝበን ይዘውት ገቡ። እዚያም በ1875 የተቋቋመው «ዢናዝዩ ክሉብ ፖርቱጌዝ» የተባለው የስፖርት ክበብ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ሆነ። በከተማ ከብዙ ሰው ጋር መታገሉ ቀርቶ አንድ ለአንድ የሚደረግ፣ ደንብ ያለው ስፖርት ሆነ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመንደሩ ዱላ ተዳከመ። የጦር መሣሪያ ተስፋፋ፤ ባለ ሥልጣኖችም በገበያ ዱላ መያዝን ከለከሉ። ከሁሉ የከበደው ግን የወጣቱ መሄድ ነው። ከ1961 እስከ 1974 መንግሥት ወጣቶችን በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ወደሚካሄደው ጦርነት ይልክ ነበር። በዚያው ዘመን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፖርቱጋላውያን ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች አገሮች ተሰደዱ። አዋቂዎቹ ሽማግሌዎች በመንደር ቀሩ፤ ተማሪ ግን አጡ።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሊዝበን የተማሩ ሰዎች ወደ ሰሜን እየሄዱ የቀሩትን ሽማግሌዎች ጠየቁ፤ ከእነርሱም ተማሩ። ዛሬ በፋፌና በጎረቤቷ በካቤሴይራስ ደ ባስቶ አካባቢ ሰዎች በማኅበር ተሰብስበው ይለማመዳሉ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ጥበቡ በከተማ የተረፈው ከተማው ዱላ ስላስፈለገው አይደለም፤ በሊዝበን ተኩላም ከብትም የለም። የተረፈው የሚማሩበት ክፍልና የታወቀ ሰዓት ስለ ተሰጠው ነው። በገጠር ልጅ ከአባቱ ጋር እየዋለ ሳያስበው ይማራል። በከተማ ግን አባት ወደ ሥራ፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚሄድ እውቀቱ በመካከል ይቀራል።

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ከቤተሰቦች ጋር ስነጋገር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ብረት መቀጥቀጥ፣ ሽመናና ሸክላ ሥራ ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹ «ልጆቹ አይጠይቁንም» ይላሉ፤ ልጆቹም «አይነግሩንም» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚገናኙበት ሰዓት የላቸውምና። ስለዚህ በቤትም ይሁን በማትናስ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ቀኑ ተቆርጦ ይሰጣቸው።