ምስጠራ፦ ከክስ መዝገብ እስከ ሁሉም ሰው ስልክ

ሐምሌ 2006 ዓ.ም. በዞን 9 ጦማርያን ላይ በቀረበው የሽብር ክስ ውስጥ፣ መልእክት የሚመሰጥር ሶፍትዌር ላይ ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ነበር። ጥቅምት 2008 ፍርድ ቤት የመጨረሻዎቹን ተከሳሾች ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው።

ያኔ ምስጠራ ሥልጠና የሚጠይቅ፣ ጥቂቶች ብቻ የሚሞክሩት ነገር ነበር። ጥቂቶች ብቻ የሚጠቀሙበት መከላከያ ደግሞ ተጠቃሚውን ከብዙኃኑ ለይቶ ያሳያል።

መጋቢት 2008 ዋትስአፕ የሲግናልን ክፍት ፕሮቶኮል ተጠቅሞ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ለሆኑ ተጠቃሚዎቹ ምስጠራን አዳረሰ። ማንም መሠልጠን አላስፈለገውም፤ መመስጠርም መለያ መሆኑ ቀረ።

የቡድን መልእክትን የሚመሰጥረው ኤም.ኤል.ኤስ የተባለው ክፍት ደረጃ ግን ከ2010 እስከ ሐምሌ 2015 ድረስ አምስት ዓመት ወስዷል። ረቂቁ በአደባባይ ተሰጣ፤ ተመራማሪዎች ቀዳዳ ፈለጉ፤ እንደገና ተጻፈ፤ የተለያዩ ባለሙያዎች በየፊናቸው የሠሯቸው ሶፍትዌሮች እርስ በርስ መግባባታቸው ተፈተነ። «የጸና» የሚባለው እንዲህ ያለፈ ነው።

ቴሌግራም ላይስ? ከቻቶቹ መካከል ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ ቻት» ብቻ ነው፤ እሱንም ራሳችሁ ካልከፈታችሁት አይሠራም። ተራው ቻትና ግሩፑ በኩባንያው ሰርቨር ላይ፣ በኩባንያው ቁልፍ ሥር ነው። ግሩፕ ውስጥ የምትጽፉትን ይህን አውቃችሁ ጻፉ።