የግቢያችን ሊሾ ለምን ይላጣል?

ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ኮተቤና ሲኤምሲ፣ ክረምቱ ሲወጣ በየግቢው የምሰማው ወሬ አንድ ነው፤ "የመኪና መግቢያው ተላጠ፣ ሲሚንቶው ፎርጅድ ነው!" እኔ የታሪክ መምህር እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ወገኖቼ፣ ነገሩ ታሪክም አለው።

"ሊሾ" የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ለስላሳ ማለት ነው። ፌሮ፣ ብሎኬት፣ አርማታ፣ ካቦም ከዚያው የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካችን ድሬዳዋ ላይ የተተከለውም በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። ሲኤምሲ ሰፈር እንኳ ስሙን የወሰደው ከጣሊያን የሥራ ተቋራጭ ነው፤ ፊደሎቹ ሲፈቱ "የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ" ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን የእኛ ጥበብ ጭቃ ነበር። እንጦጦ ላይ ያለው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ራሱ የጭቃና የእንጨት ሥራ ነው። ጭቃ ውሃ ጨመር ተደርጎ፣ በእጅ ታሽቶ ይለሰናል፤ ሲሰነጠቅ እንደገና ይለሰናል። ይህ የእጅ ልማድ ሳይለወጥ ወደ አርማታ የተሻገረ ይመስለኛል። ሲሚንቶ ግን ጭቃ አይደለም።

እንደ ልብ እንዲፈስ ውሃ ሲበዛበት ትርፉ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ውሃው ሳይጠፋ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሰው በማለስለሻ ሲያሹት ላዩ ያምራል፤ ግን የሚያምረው ስስ ቆዳ ነው። ከሥሩ ካለው ጋር በደንብ አይያያዝም፣ ጎማ ሲመላለስበት ይላጣል። በውጭ አገር ዋናው ጠላት በረዶና በረዶ ማቅለጫ ጨው ነው፤ እኛ ጋ እሱ የለም። የእኛ ጠላት የበጋው ፀሐይና ንፋስ ነው፤ ውሃ ያልጠጣ አርማታ ሳይጠነክር ይደርቅና ላዩ ዱቄት ይሆናል።

በዚያ ላይ ተዳፋቱ አለ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ማፋሰሻ ካጣ ከሥር ገብቶ አፈሩን ይበላዋል፤ በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ይሰምጣል፣ አርማታው ይሰነጠቃል።

አንድ ቤተሰብ ዕቁብ ወጥቶለት ያስፈሰሰው ግቢ በሁለት ክረምት ሲላጥ ያሳዝናል። ስለዚህ ስታሠሩ ካቦውን በትሕትና እንዲህ በሉት፦ ውሃ ቀንስ፣ ደረቅ ሲሚንቶ አትነስንስ፣ የመኪና መግቢያ እንደ ሳሎን ወለል አታለስልስ፣ በመጥረጊያ ሸካራ አድርገው። ከዚያ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት፤ መኪና ለማስገባትም አትቸኩሉ፣ 28 ቀን ብትታገሱ ይመረጣል።

በእናንተ ሰፈርስ እንዴት ነው? ሙያው ያላችሁ ጨምሩበት።