የጓሮው ዳማከሴና የደምቢያ ትኩሳት

በጎንደር ከተማም ሆነ በኮላ ድባ፣ ከጣና በስተ ሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ፣ ምች የመታው ሰው መድኃኒት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ጓሮ ገብቶ ዳማከሴ ይቀነጥባል። ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂው ገላ ይቀባል፤ ጥቂቱም በቡና ይጠጣል። በጓሮው የሌለው ከጎረቤት ይጠይቃል፤ ማንም አይከለክለውም።

ዳማከሴ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው። ጦስኝም፣ የጠላ ማሰሮ የሚታጠንበት ጥንጁትም ከዚያው ከናና ቤተሰብ ይመደባሉ። በሰሜን አሜሪካ ንብ እንዲስብ በየጓሮው የሚተከለው ሞናርዳም የእነዚሁ ወገን ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ለሕመም ይጠቀሙበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1773 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቦስተን ወደብ የእንግሊዝ ሻይ ባሕር ከተጣለ በኋላ ደግሞ ሰፋሪዎቹ ቅጠሉን በሻይ ፋንታ አፍልተው እንደጠጡት ይነገራል።

በዚያው ዘመን የጎንደርን ዕፅዋት መመዝገብ የጀመረ እንግዳ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ሲደርስ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር እንደ ሐኪም ተጠራ። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ስለ ኮሶና ስለ ዋጊኖስ በሥዕል አስደግፎ ጻፈ። ዋጊኖስ ዛሬ በሳይንስ ስሙ የብሩስን ስም ይዟል፤ ተክሉን ለተቅማጥ ያዋለው ግን ከብሩስ በፊት የአገሩ ሰው ነው።

የአገሩ ሊቃውንትም ጽፈዋል። ደብተራዎች መድኃኒቶቻቸውን በብራና ላይ ይከትቡ ነበር፤ የፖላንድ ተወላጁ ስቴፋን ስትረልሲን ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን አጥንቶ በ1968 አሳትሟል። የጓሮው ዕውቀት ግን አብዛኛው ከብራና ውጭ ነው የኖረው። እናት ለልጇ፣ አያት ለልጅ ልጇ እያሳየች እዚህ አድርሳዋለች።

ይሁንና የደምቢያ ትኩሳት ሁሉ ምች አይደለም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደምቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1954 ሲከፈት አንዱ ምክንያት ይኸው እልቂት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ቡድን አሠለጠነ፤ ተማሪዎቹ ከሚለማመዱባቸው ጤና ጣቢያዎች አንዱም የኮላ ድባ ነበር። በ1958 ወባ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እንደገና ሲነሳ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህሉ ሞተ። ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

ጤና ጣቢያው ዳማከሴን ከጓሮ አላስወጣውም። ሳይንስም ወደ ተክሉ ፊቱን አዙሯል፤ በ2003 የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት ከቅጠሉ የወጣው ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይቷል። ይህ ለሰው የተረጋገጠ መድኃኒት አያደርገውም፤ የእናቶችን ልማድ ግን በቁም ነገር መመርመር እንደሚገባ ይመሰክራል።

ተክሉ ብዙ አያስቸግርም። ከዘሩም ከተቆረጠ ቅርንጫፉም ይበቅላል። ፀሐይ ይወዳል፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት አይስማማውም። ስለዚህ በደምቢያ ጥቁር አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብ ቢሠራለት ይሻላል። በበጋ ውኃ ማጠጣት፣ ጫፉን እየቀነጠቡ ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ማድረግ ይበቃዋል። ሲያብብ ንብ ያዘወትረዋል፤ ስለዚህ ቅርንጫፉን ሁሉ አጭዶ ባዶ ማስቀረት አይገባም።

ጓሮ ያለው አንድ ዳማከሴ ይትከል፤ ስሙንና አያያዙንም ለልጆቹ ያሳይ። በኮላ ድባና በዙሪያዋ ግን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያለው ሰው ‹‹ምች ነው›› ብሎ ቤት አይዋል፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ የወባ ምርመራ ያድርግ።