አዲስ ሞተር በአቃቂ ቁልቁለት

ስለ ሮዳጅ በአገራችን የሚነገረው ምክር አጭር ነው፤ ሞተሩ እስኪላመድ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ዙር አታብዛ፣ ዘይቱን ቶሎ ቀይር። ብዙ ሰው ይህን የፋብሪካ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን ምንጩ ጋራዥ ነው እላለሁ። ለረጅም ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው የቤት መኪና አብዛኛው በሌላ አገር የተነዳ፣ ሮዳጁን ባሕር ማዶ ጨርሶ የመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የጣለውም ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ሮዳጅ እዚህ በዋናነት የኖረው ወርዶ ከተሠራ ሞተር ጋር ነው፤ ሲሊንደሩ ተፍቆ፣ ፒስተኑና ፋሻው ተቀይሮ እንደገና ከተነሣ ሞተር ጋር። የሮዳጁን ሕግ የደነገገው መካኒኩ፣ ሕጉ የተፈተነውም መንገድ ላይ ነው። ከመንገዶቹም ሁሉ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ አዳማ የሚወርደውን ያህል ለዚህ የተመቸ አላውቅም።

መንገዱ ከአዲስ ሞተር ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው የሲድሊ መኪና አዲስ አበባ የደረሰው ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ነው፤ ያን ጊዜ ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ አልፎ ነው፤ ፋብሪካዎቹም ተከትለው እዚያው ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 አምቼ የተባለው ፋብሪካ ተቋቁሞ የፊያትን፣ ኋላም የኢቬኮን የጭነት መኪናዎች መገጣጠም ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ዱከም ላይ ሊፋን፣ ቢሾፍቱ ላይ የመንግሥት አውቶሞቲቭ ኢንዱስትሪ፣ ሞጆ ላይ ሆላንድ ካር መኪና ገጣጥመዋል። ከእነዚህ የመንገድ ዳር ከተሞች የወጣ ሞተር የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮቹን የሚቆጥረው በዚሁ መስመር ላይ ነው።

መስመሩ ለምን እንደተመቸ ለመረዳት ፋሻ የሚሠራውን ሥራ ማየት ይበቃል። የፒስተን ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው በራሱ ምንጭነት ብቻ አይደለም፤ የሚቃጠለው ጋዝ ከጀርባው ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። አዲስ የተፋቀ ግድግዳ ላይ ጥቃቅን የተሰላለፉ ጭረቶች አሉ። ፋሻው በግፊት እየተሻሸ የጭረቶቹን አናት ሲሞርድ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ ጥልቁ ክፍል ደግሞ ዘይት ይዞ ይቀራል። ግፊቱ ካነሰ ግን መሞረዱ ሳያልቅ ግድግዳው በተቃጠለ ዘይት ይለሰንና እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ሞተሩም ዕድሜ ልኩን ዘይት ይበላል። አሁን ከፍታውን እናስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ኤን ትሬ እያልን የምንጠራው የፊያት 682 ይሁን የቆየ ኮሮላ፣ እዚህ የሚያገኘው ግፊት በዚያው ልክ የቀነሰ ነው። ስለዚህ በከተማ ውስጥ በለሆሳስ የተነዳ ሞተር ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድም በከፍታው፣ አንድም በአሽከርካሪው ርኅራኄ። አዳማ ግን 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሲወርዱ በማርሽ መያዝ በቤንዚን ሞተር ሲሊንደር ውስጥ መሳሳብ ይፈጥርና ዘይት ወደ ላይ እየሳበ ፍቅፋቂውን ያጥባል፤ ሲመለሱ ደግሞ ዳገቱ ሞተሩን በመጠኑ ያስጨንቀዋል። ጫናና እፎይታን ማፈራረቅ፣ ሮዳጅ በመሠረቱ ይኸው ነው።

«የዛሬ ሞተር ይህ ሁሉ አያስፈልገውም» የሚል አለ። ከፊል እውነት አለው፤ የፋብሪካው ሙረዳ እጅግ ተሻሽሏል፣ የድሮው ዝግታም አጥሯል። ይሁንና ቶዮታ ዛሬም ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍጥነትንም በአንድ ፍጥነት ረጅም ርቀት መንዳትንም አይመክርም። ቢኤምደብሊው ለኃይለኞቹ ኤም መኪናዎቹ 2,000 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይት የሚቀየርበት የተለየ ሰርቪስ ያዛል። ኃይል በጨመረ ቁጥር ጥንቃቄው አልቀረም ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ «ከመጀመሪያው ቀን እስከ ጥግ ርገጠው» የሚሉ አሉ። እነርሱም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የአውሮፕላን ሞተር ሠሪው ላይኮሚንግ አዲስ ሲሊንደር ከ65 እስከ 75 በመቶ ኃይል እየሠራ እንዲላመድ ይመክራል፤ በለስላሳ አበራረር ሲሊንደሩ ይለሰናልና። ነገር ግን ምክሩ ጽኑ ጫና ነው እንጂ የዙር ጣሪያ አይደለም። ጫናና ዙር ይለያያሉ፤ ክርክሩን የሚያደናግረውም የእነዚህ መደባለቅ ነው። በመካከለኛ ዙር ዳገት መውጣት ፋሻውን ያስገጥማል፤ ባልተላመደ ሞተር ዙሩን እስከ ቀዩ መስመር ማድረስ ግን ኩሽኔታውን ያስጨንቃል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙ አሽከርካሪ ላይጥም ይችላል። በ2007 ዓ.ም. መባቻ ለትራፊክ የተከፈተው፣ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ለአዲስ ኃይለኛ መኪና የተሠራ ይመስላል፤ ሰፊ ነው፣ ጠረጋ ነው፣ ማቆሚያ የለውም። ለሮዳጅ ግን የማይመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ፍጥነት መሄድ ሞተሩን አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ያለማምደዋል። በገላንና በዱከም የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ማርሽ ያስቀይራል፣ ያዘገያል፣ መልሶ ያስነሣል። የጭነት መኪና ይበዛበታል፣ አደጋም አለው የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ መልሱ በማለዳ መውጣትና በሰው መካከል አለመፈተን እንጂ መንገዱን መተው አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። የኤሌክትሪክ ሞተር ፋሻም ሲሊንደርም የለውም፤ የሚሞረድ ነገር ስለሌለ አዲስ መኪና ሮዳጅ የሚፈልግበት ዘመን እየተዘጋ ነው። ሆኖም አገሪቱ ውስጥ ያለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ አብዛኛው ነዳጅ የሚያቃጥል ነው፤ ምትኩ ስለማይገባም ሞተር ወርዶ መሠራቱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ያን ሞተር አስነሥቶ ለባለቤቱ «ቀስ በል» ብሎ መስጠት አሁን አይበቃም። ከደረሰኙ ጋር አንድ ወረቀት ይሰጠው፤ እስከ ስንት ዙር፣ በየትኛው መንገድ፣ ዳገቱን በየትኛው ማርሽ፣ የመጀመሪያው ዘይትስ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሚቀየር ተጽፎበት። መካኒኮቹ ይህን ሁሉ ያውቁታል። እስካሁን የቀረው መጻፉ ነው።