ሁለት ሜጋፒክስል ፒያሳ

የፒያሳን ያለፉት ሃያ ዓመታት ታሪክ ነገ የሚጽፍ ሰው ማስረጃውን ከየት ያገኛል? መዝገብ ቤት ይሄዳል፣ የድሮ ጋዜጣ ያገላብጣል፣ አዛውንት ይጠይቃል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የሰውን ቁም ሳጥን አስከፍት ነበር። እዚያ ውስጥ ቻርጀሯ የጠፋ፣ 2 ወይም 3 ሜጋፒክስል ያላት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ አትጠፋም።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አጎራባች ሰፈሮች ሲፈርሱ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ አንስቷል። የፍርስራሹ ፎቶ በጥሩ ጥራት አለን። የሚጎድለን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ቤቱ ቆሞ፣ ደጁ ላይ ጀበና ተጥዶ፣ ልጆች ኳስ እየተራገጡ የተነሳው። ልማቱን የደገፈም የተቃወመም በዚህ ላይ የሚጣላ አይመስለኝም። ያንን ኑሮ ከቀረጹት መሣሪያዎች መካከል ከውጭ በዘመድ እጅ የመጡ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎችና የመጀመሪያዎቹ ባለካሜራ ስልኮች አሉ። ዛሬ እነዚህን ፎቶዎች «ጥራት የላቸውም» ብለን እንንቃቸዋለን፣ ቦታ ያዙብን ብለንም እናጠፋቸዋለን። ይህ ንቀት ታሪካችንን እያስከፈለን ነው።

*መስታወት፣ ፊልም፣ ሜሞሪ*

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ የሚያነሱ መሐንዲስ ወታደሮች ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የታወቀው የፎቶ ቤተሰብ የቦያጂያን ቤተሰብ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ ወደ ሃይጋዝና ቶኒ እየተባለ ወደሚጠራው ቶርኮም ተላልፎ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደረሰ።

የዚያን ዘመን ፎቶ ስናይ የምናደንቀው መሣሪያውን ነው። የመስታወት ፕሌት በእርግጥ ብዙ ዝርዝር ይይዛል። ነገር ግን ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ለብርሃን ዘገምተኛ ስለነበር የሚነሳው ሰው ከተንቀሳቀሰ ፊቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ካሜራው በሦስት እግር ይቆማል፣ መኳንንቱ ወንበር ላይ ረግተው ይቀመጣሉ። ፎቶ አንሺው የመሣሪያውን ድካም አውቆ ሥራውን በዚያ ልክ ሠራ። ከጊዮርጊስ ደጅ የነበረውን የአራዳ ገበያ ጣሊያን ወደ መርካቶ ካዛወረው በኋላ፣ ገበያው ምን ይመስል እንደነበር ማየት የቻልነው በዚያ ዘመን ፎቶዎች ነው።

ከዚያ የፊልም ዘመን መጣ። ጉርድ ፎቶ የተነሳንባቸው፣ የሰርግና የጥምቀት ፊልም ያሳጠብንባቸው የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ዘመን ነው። አንድ ፊልም 36 ፍሬ ብቻ ስለሚይዝ ዝም ብሎ የሚተኩስ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1975፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ በዓመቱ፣ በኮዳክ ኩባንያ የሚሠራ ስቲቭ ሳሰን የሚባል ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ፎቶው 100 በ100 ነጥብ፣ ማለትም 0.01 ሜጋፒክስል ነበር። አንዱን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ኮዳክ ግን ዋና ገቢው ከፊልም ነበርና በዲጂታሉ ቶሎ ሳይገፋበት ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ፊልም ሲደክም ያቺ ትንሽ ካሜራ እኛም ቤት ገባች።

*ስንት ነጥብ ይበቃል?*

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አልበም ውስጥ የምናስገባው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ በጥሩ ጥራት እንዲታተም የሚፈልገው 2 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ጋዜጣ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ለሚወጣ ፎቶ ደግሞ 640 ነጥብ ወርድ፣ ማለትም የድሮዎቹ ባለ 0.3 ሜጋፒክስል ስልኮች ያነሱት፣ ያስኬዳል። ቴሌግራምም ፎቶ ስትልኩ በተለመደው አሠራሩ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ያወርደዋል። ይህ 1.2 ሜጋፒክስል ቢሆን ነው። በ50 ሜጋፒክስል ስልክ አንስታችሁ እዚህ የምትለጥፉት ፎቶ ያቺ የተናቀች ካሜራ ከምትሰጠው ያነሰ ነጥብ አለው ማለት ነው።

የትንሿ ካሜራ እውነተኛ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ሴንሰሯ ትንሽ ስለሆነ ጠንካራ ብርሃንና ጥቁር ጥላ አንድ ላይ መያዝ አትችልም፤ ሲመሽም ፎቶው ይንከረፈፋል። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው።

*በአራዳ መንገድ ላይ*

የመጀመሪያው ነገር ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፤ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ቆርቆሮው ይነጣል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀኑም ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ። የቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ምዕራባዊው የሕንፃ ረድፍ፣ ማታ ምሥራቃዊው ይበራል። የክረምት ደመና ደግሞ ለሰው ፊት ከማንኛውም የስቱዲዮ መብራት አያንስም።

ሁለተኛው ነጭ ልብስ ነው። እሁድ ጠዋት ጊዮርጊስ ደጅ ነጠላ የለበሱ እናት ስታነሱ ካሜራዋ ብዙ ነጭ ታያለችና ብርሃን በዛ ብላ ትቀንሳለች፤ ፊታቸው ይጠቁራል። ብርሃኑን ብትጨምሩ ደግሞ ነጠላው ይቃጠልና ጥለቱ ይጠፋል። እማማን አስፈቅዳችሁ ወደ ዛፍ ወይም ወደ ግንብ ጥላ አንድ እርምጃ ጠጋ እንዲሉ ብትጠይቁ ሁለቱም ይድናሉ።

ሦስተኛው ቅርበት ነው። ዲጂታል ዙም ፎቶውን ቆርጦ ከማስፋት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም፤ በእግራችሁ ቅረቡ። ይህ ለእኛ ከሌላው ዓለም ይልቅ ያስፈልገናል፤ ፊደላችን በትንሽ ጭረት የሚለይ ነውና። በ«በ» እና በ«ቡ» መካከል ያለችውን መስመር ጥቂት ነጥብ ትበላታለች። የሱቅ ታፔላ ከሩቅ ካነሳችሁ ነገ ማንም አያነበውም። የታሪክ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው ታፔላውን ነው።

አራተኛው የብርሃን ስሜት መጠኑን፣ አይኤስኦ የሚባለውን፣ ዝቅተኛው ላይ ማድረግና ክንዳችሁን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ነው። የቀረውን ትንሽነቷ ይሠራላችኋል። ትልቅ ካሜራ ይዞ የቆመን ሰው ጥበቃ ይጠይቀዋል፣ መንገደኛውም ፊቱን ያዞራል። ትንሿን የያዘን ሰው ብዙ ጊዜ ማንም ልብ አይለውም። ቢሆንም ሰውን ማስፈቀድ አይቀርም።

*ፎቶው መቼ ተነሳ?*

የድሮ ዲጂታል ካሜራ ባትሪዋ ሲያልቅ ሰዓቷ ወደ መነሻው ስለሚመለስ ፎቶው ላይ የታተመው ቀን አይታመንም። የፒያሳ ፎቶ ግን ቀኑን ራሱ ይናገራል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከአደባባዩ ጠፍቶ ከታየ ፎቶው ሐውልቱ ለባቡሩ ሥራ ከተነሳበት ከ2005 ዓ.ም. በኋላ፣ ከተመለሰበት ከ2008 ዓ.ም. በፊት የተነሳ ነው። በጣይቱ ሆቴል ጃዝአምባ ቆሞ የሚታይ ከሆነ ከጥር 2007ቱ ቃጠሎ በፊት ነው። ባቡሩ ሰው ጭኖ ሲሄድ ከታየ ከመስከረም 2008 ወዲህ ነው። የዓድዋ መታሰቢያ ተመርቆ ከታየ ከየካቲት 2016 ወዲህ ነው። ይህን ሥራ የሰፈሩ ልጅ ከማንም በተሻለ ይሠራዋል።

*ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ*

የቦያጂያኖች ፎቶ ከመቶ ዓመት በኋላ ለእኛ የደረሰው መስታወትና ወረቀት ዝም ብለው ቢቀመጡም ስለሚቆዩ ነው። የእኛ አይደርስም። ሲዲ ይበላሻል፣ ለዓመታት ኤሌክትሪክ ያላገኘ ሜሞሪ የያዘውን ይረሳል፣ ሃርድ ዲስክ ወድቆ ይሰበራል። ከመስታወቱ ይልቅ አጭር ዕድሜ ያለው የእኛ ዘመን ፎቶ ነው።

ስለዚህ ያቺን ካሜራና የድሮውን ፍላሽ አውጡ። ፎልደሩ በቫይረስ ሾርትከት ሆኖባችሁ የተዋችሁት ካለ ተስፋ አትቁረጡ፤ ያ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ፎርማት ሳታደርጉ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ፎቶዎቹን ሁለት የተለያየ ቦታ ገልብጡ። ለሰው ስትልኩ እንዳይቀነሱ በፋይል መልክ ላኩ። የፋይሉ ስም ላይ ቦታውን፣ ዓመቱን፣ በሕይወት ያሉትን አስፈቅዳችሁ የሰዎቹን ስም ጻፉ። ከሁሉም የሚሻሉትን ሃያ ፎቶ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙ።

ካሜራዋ ገና ከሠራች ደግሞ ቻርጅ አድርጋችሁ ውጡ። ዛሬ በፒያሳ የቆመው ሁሉ ነገ ይቆማል ብሎ የሚምል የለም።

ቸር እንሰንብት።