ከትምህርት ቤት መድረክ እስከ ብሔራዊ ቴአትር
የባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሕይወት ታሪክ

ለዚህ የክብረ በዓል መጽሔት ጽሑፍ ስናዘጋጅ፤ ከመካከላችን አንዱ የተውኔት ክበብ አባል መሆኑን ለወላጆቹ በነገራቸው ጊዜ «ለመሆኑ ተውኔት እንጀራ ይሆናል ወይ?» ተብሎ እንደ ተጠየቀ አጫወተን። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ መልሱን በራሳችን አፍ ከመስጠት ይልቅ፤ ከልደታ ሰፈራችን በማይርቀው በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተምረው በኋላ የአገራችንን መድረክ የመሩትን የባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ይሻላል ብለን አሰብን።

ጸጋዬ የተወለዱት ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ስፍራ ነው። ጊዜው የጠላት ወረራ ጊዜ ነበርና አባታቸው ለአገራቸው ነጻነት ለመዋጋት ዘምተው ነበር። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ከተገደሉም ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም። ይህን ማስታወሳችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ክረምት የተወለደው ሕፃን አድጎ ስለ እኒሁ ሰማዕት «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን ተውኔት ጽፏልና።

አባታቸው ኦሮሞ፤ እናታቸው የአንኮበር አማራ ነበሩ። በልጅነታቸው ግዕዝንም ተምረዋል። በአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሲዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታየ። እንግዲህ የመጀመሪያው መድረካቸው የትምህርት ቤት መድረክ ነበር ማለት ነው። በዚህም ልንደነቅ አይገባንም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ»ን ከጻፉ በኋላ፤ የአማርኛን ተውኔት ካሳደጉት መካከል እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው መምህራን ነበሩ፤ ተዋንያኖቻቸውም ተማሪዎቻቸው ነበሩ።

ጸጋዬ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በጄኔራል ዊንጌት፤ ቀጥሎም በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያ ባገኙት የትምህርት ዕድል በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ሕግ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1959 ፈጸሙ። ንግድም ሕግም ወላጅ የሚመኛቸው ሙያዎች ናቸው፤ እሳቸው ግን ወደ ለንደኑ ሮያል ኮርትና ወደ ፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ሄደው የቴአትርን ሥራ አጠኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን፤ ማለትም የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር፤ ለአሥር ዓመት ያህል መሩ።

በዚያ ዘመን አማርኛ የባሕር ማዶን ታላላቅ ተውኔቶች መሸከም ይችላል ወይ የሚል ጥርጣሬ ነበር። ጸጋዬ የሼክስፒርን «ኦቴሎ»ን፤ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ተርጉመው በሥራ መለሱ። ለዚህም የሚስማማ የግጥም ምት አበጅተው ስልቱ እስከ ዛሬ «የጸጋዬ ቤት» ይባላል። ይሁን እንጂ በትርጉም ብቻ አልቀሩም። «የከርሞ ሰው»ን በመሰሉ ተውኔቶቻቸው የከተማውን ድኻ ኑሮ ወደ መድረክ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበሉ ገና ወጣት ነበሩ።

ነገር ግን ሽልማት ከሳንሱር አላዳናቸውም። በሦስት መንግሥታት ዘመን ከተውኔቶቻቸው ጥቂት ያልሆኑት ታግደዋል። እሳቸው ግን አንዱ ሲታገድ ሌላውን ይጽፉ ነበር። አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን «ሀሁ በስድስት ወር»ን፤ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ «ሀሁ ወይም ፐፑ»ን አቀረቡ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል ሲመሠረትም ከቀዳሚዎቹ መሥራቾች አንዱ ነበሩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የተቀበለው መዝሙር ግጥምም የእሳቸው ነው።

በመጨረሻ ኩላሊታቸው ታሞ ለሕክምና ወደ ኒውዮርክ ሄዱ፤ በዚያም የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የገቢና የወጪ ሒሳብ በእኒህ ሰው ሕይወት ላይ ብናደርገው፤ በወጪው በኩል የታገዱ ተውኔቶችና በባዕድ አገር የመጣ ሞት ይጻፋሉ። በገቢው በኩል ግን በአማርኛ የተናገረ ሐምሌት፤ በመድረክ ዳግመኛ የቆሙ አቡነ ጴጥሮስ፤ የአንድ አህጉር መዝሙርና ቴአትርን በዩኒቨርሲቲ የተማረ ትውልድ ይገኛሉ። ተውኔት የተደላደለ እንጀራ ነው ብለን ወላጆቻችንን አናታልልም። ሆኖም ከእንጀራ በላይ የሆነ ነገር ለአገር ያተረፈ ሥራ መሆኑን በድፍረት እንናገራለን።

ስለዚህ መምህራኖቻችንንና ወላጆቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚህ ክብረ በዓል ቀን ልጆቻችሁ መድረክ ላይ ወጥተው ቃላቸው ቢጠፋባቸው ወይም ድምፃቸው ቢንቀጠቀጥ አትሣቁባቸው፤ በትዕግሥት ስሟቸው። የአምቦውም ልጅ የጀመረው በእንዲህ ያለ መድረክ ነበርና።