ከአውራ ጣት ወደ እስክሪብቶ

የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ አለ፤ ቴምብር፣ የኪስ ሰዓት፣ ብራና የሚሰበስብም አለ። ብዕር ሰብሳቢ ሲባል ደግሞ ዓይን ቶሎ የሚሄደው ለሹመትና ለምረቃ ይሰጥ ወደነበረው ፓርከር ነው። ቀለሙ ያለቀ ቢክ ግን ወደ ቆሻሻ ይወረወራል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ፓርከር የሚያስታውሰው ባለሥልጣኑን ነው፤ ገበሬው፣ ነጋዴውና ተማሪው በወረቀት ላይ የታዩት በሚጣለው እስክሪብቶ ነው።

ዕቃው ራሱ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ላዝሎ ቢሮ የሚባል የሃንጋሪ ጋዜጠኛ የጋዜጣ ማተሚያ ቀለም ቶሎ እንደሚደርቅ አየ። ወፍራም ስለሆነ ግን በተለመደው ብዕር አይወርድም። ኬሚስት ከሆነው ወንድሙ ጋር ሆኖ ቀለሙን በጥቃቅን ኳስ እያንከባለለ የሚያወጣ ጫፍ ሠራና እ.ኤ.አ. በ1938 በብሪታንያ አስመዘገበው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1945 ኒውዮርክ ውስጥ ለገበያ የቀረበው የሬይኖልድስ እስክሪብቶ አንዱ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ የሀብታም ዕቃ ነበር ማለት ነው። ድሃው እጅ እንዲገባ ያደረገው ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1950 የወጣው የማርሴል ቢክ ባለ ስድስት ጎን እስክሪብቶ ነው። እኛ የምንጠራበት ስም ግን ከጣልያንኛው «ስክሪቶ» የመጣ ይመስላል።

ከዚያ በፊት ጽሕፈት እዚህ አገር ሙያ ነበር። ጸሐፊው መቃውን ይቀርጻል፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ያዘጋጃል፣ ቀዩን ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ያስቀምጣል። (ቀዩ ቀለም በኋላ ትምህርት ቤት ገብቶ የስህተት ምልክት መሆኑ ይገርማል።) ያልተማረው ሰው ድርሻ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ማሳረፍ ብቻ ነበር።

ሕጉም ይህን ያውቅ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 መፈረም ያልቻለ ሰው በጣት አሻራ እንዲፈርም ይፈቅዳል። ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ግን በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ጥበቃ ነው፤ በሌላ በኩል ግን ማንበብ የማይችል ሰው ብቻውን ተፈራርሞ መዋዋል አይችልም ማለት ነው። ሰበታ ላይ የመርሃ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወረቀቱን በብሬል መውጊያ እየነቆሩ ሲጽፉ፣ ጽሑፋቸውን አንብቦ የሚቀበል ጽሕፈት ቤት ስንት እንደነበረ መገመት ቀላል ነው።

ነገሩን የቀየሩት ሁለት ዘመቻዎች ናቸው። በታኅሣሥ 1967 በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሄደው በሱሉልታ፣ ወደ አምቦና ወለጋ የሄደው በቡራዩ፣ ወደ ጅማ የሄደው በሰበታ አለፈ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። ከመንግሥት የቀረቡት ቁጥሮች ተጋነዋል የሚል ይኖራል፤ ምናልባትም ትክክል ነው። ቢሆንም አሻራ ያሳርፍ የነበረ ብዙ ገበሬ ስሙን መጻፍ ጀመረ። ለዚህ ደግሞ መቃ አልተቀረጸም፣ የቀለም ጠርሙስ አልተሸከሙም። እስክሪብቶ በኪስ ይያዛል፣ አይፈስም።

ይኸው እስክሪብቶ በኋላ በእነዚሁ ሦስት ከተሞች ዙሪያ የከፋ ሥራም ሠርቷል። መሬት በ1967ቱ አዋጆች የሕዝብ ሆነ፤ ሕገ መንግሥቱም አይሸጥም አይለወጥም አለ። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ግን የመንደር ውል በዛ፤ በደብተር ወረቀት ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ምስክሮች እየፈረሙበት። የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ ገዢም ሻጭም በእጃቸው ጽፈው ፈርመው ሳለ፣ ወረቀቱ በሕግ ፊት ክብደት አልነበረውም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለው ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ብዙ ሰው በእጁ የቀረው ይህ ዓይነት ወረቀት ነበር። ሰውን ፊርማ አስተምሮ ፊርማው የት እንደሚጸና አለማስተማር ውድ ዋጋ አስከፍሏል።

አሮጌ እስክሪብቶ ላስቀመጠ ሰው አንድ ቀላል መለያ አለ፤ የቢክን ክዳን ጫፍ ማየት። ሕፃን ቢውጠው አየር እንዲያሳልፍ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ ክዳኑ ተበሳ። ድፍን ከሆነ ከዚያ የቀደመ ሳይሆን አይቀርም። ጥርስ የነከሰው ጫፍና የካሴት ክር ሲጠነጠንበት የተላላጠው ጎን ዋጋውን አይቀንሱም፤ ታሪኩ እነሱ ናቸው። ቀለሙ ከጠጠረ በእሳት ለማቅለጥ መሞከር አይገባም፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ከእስክሪብቶው ይልቅ የሚያሰጋው ግን የጻፈው ወረቀት ነው። የእስክሪብቶ ቀለም ብርሃን ሲመታው ይደበዝዛል። የአባት ውል፣ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ወይም የድሮ ደብዳቤ ያለው ሰው ግድግዳ ላይ ከሚሰቅለው ጨለማ ሳጥን ውስጥ ቢያኖረው ይሻላል፤ ዛሬውኑም ሁለት ቅጂ ያስነሳለት።